የመርከቡ ሐኪምና ቀዩ ደም፦ ኢነርጂ እንደማይጠፋ እንዴት ታወቀ?

እስቲ መዳፎቻችሁን አንድ ላይ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ አፋትጉ። አሥር ሰከንድ ይበቃል። ሞቀ አይደል? ታዲያ ያ ሙቀት ከየት መጣ? እጃችሁ ውስጥ ተደብቆ ነበር? ከአየሩ ገባ? ወይስ ከምንም ተፈጠረ?

የልጅ ጥያቄ ይመስላል። ግን የዓለም ትልልቅ ሳይንቲስቶች ለብዙ አሥርት ዓመታት ተከራክረውበታል። መልሱን ቀድመው ካገኙት ሰዎች አንዱ ደግሞ የፊዚክስ ፕሮፌሰር አልነበረም፤ ገና 25 ዓመቱ የሆነ የመርከብ ሐኪም ነበር። መልሱን ይዞ ሲመጣ የሚሰማው አጣ። ዛሬ የምናወጋችሁ የእሱን ታሪክ ነው። ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ የምትጽፉት ዴልታ ኤች የሚባለው ነገር ሥሩ እዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሱራባያ፣ 1840

ዩሊየስ ሮበርት ማየር በ1814 ሃይልብሮን በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ። አባቱ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ሮበርት ሕክምና ተምሮ እንደጨረሰ ዓለምን ማየት አማረውና ወደ ዛሬዋ ኢንዶኔዥያ በምትሄድ የሆላንድ መርከብ ላይ በሐኪምነት ተቀጠረ። መርከቧ በ1840 መጀመሪያ ከሮተርዳም ተነሳች።

ከወራት ጉዞ በኋላ ጃቫ ደሴት ላይ ሱራባያ ወደብ ሲደርሱ መርከበኞች ታመሙ። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሐኪም ለብዙ በሽታ የሚያዘው ደም ማፍሰስ ነበር። እኛም አገር ዋግምት የሚባለውን የምታውቁ ትኖራላችሁ። ማየርም የአንዱን መርከበኛ ክንድ በጣ። ደሙ ሲወጣ ግን ደነገጠ።

ለምን መሰላችሁ? ከልብ ወጥቶ በደም ቅዳ በኩል ወደ ሰውነት የሚሄደው ደም ብዙ ኦክስጅን ስለያዘ ደማቅ ቀይ ነው። በደም መልስ በኩል ወደ ልብ የሚመለሰው ግን ከኦክስጅኑ የተወሰነውን ለሰውነት ስለሰጠ ጠቆር ይላል። ማየር የከፈተው ደም መልስ ነው፤ የወጣው ደም ግን ደማቅ ቀይ ሆነ። መጀመሪያ ተሳስቶ ደም ቅዳ የነካ መስሎት ነበር። ሌሎቹ መርከበኞችም ላይ ያው ሆነ። እዚያው የሚሠሩ ሐኪሞች ይህ በሞቃት አገር የተለመደ ነገር እንደሆነ ነገሩት።

ሌላ ሰው ቢሆን “እሺ” ብሎ ያልፈው ነበር። ማየር ግን ወደብ ላይ ወርዶ መዝናናቱን ትቶ ማሰብ ጀመረ። ምን እንዳሰበ ለመረዳት ግን መጀመሪያ ከእሱ በፊት ስለ ሙቀት ምን ይባል እንደነበር እንይ።

ሙቀት “ፈሳሽ” በነበረበት ዘመን

በ1789 አንትዋን ላቮዋዚዬ የተባለው የፈረንሳይ ኬሚስት በታዋቂ መጽሐፉ ውስጥ የንጥረ ነገሮችን ዝርዝር አወጣ። ኦክስጅን አለ፣ ሃይድሮጅን አለ፣ ሰልፈር አለ። ከእነዚህ ጋር አብሮ “ካሎሪክ” የሚባል ተጽፏል። ካሎሪክ ማለት ሙቀት ነው። ክብደት የሌለው፣ በዓይን የማይታይ፣ ከሞቀ ነገር ወደ ቀዘቀዘ ነገር የሚፈስ ረቂቅ ፈሳሽ ነው ተብሎ ይታመን ነበር።

አትሳቁባቸው። እኛም እኮ “ሙቀት ገባ”፣ “ሙቀቱ ወጣ” እንላለን፤ ልክ እንደ ውኃ። ካሎሪክ ደግሞ ብዙ ነገር ያስረዳ ነበር። የጋለ ብረት ውኃ ውስጥ ሲገባ ብረቱ ለምን ይቀዘቅዛል፣ ውኃው ለምን ይሞቃል? ካሎሪኩ ፈሰሰ፤ አለቀ።

ላቮዋዚዬ ሌላም ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ከላፕላስ ጋር ሆኖ ጊኒ ፒግ የምትባለውን ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠ። ከሰውነቷ የሚወጣው ሙቀት በረዶውን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠውን ውኃ መዝኖ የወጣውን ሙቀት ማወቅ ይቻላል። ከዚያ እንስሳዋ የምታወጣውን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሰጥ ከሰል አቃጥሎ ሙቀቱን አነጻጸረ። ሁለቱ ተቀራረቡ። መተንፈስ ማለት ቀስ ያለ መቃጠል ነው ማለት ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ ማየር ጋ ስንመለስ ታስፈልገናለች።

ካሎሪክን መጀመሪያ ክፉኛ የነቀነቀው ቤንጃሚን ቶምፕሰን ነው፤ በማዕረግ ስሙ ካውንት ራምፈርድ ይባላል። ተወልዶ ያደገው አሜሪካ ሲሆን በ1790ዎቹ ግን ጀርመን፣ ሙኒክ ውስጥ የመድፍ ማምረቻ ይቆጣጠር ነበር። መድፍ ሲሠራ ድፍኑ ብረት በመሰርሰሪያ ይቦረቦራል። ራምፈርድ ብረቱ ሲቦረቦር እጅግ እንደሚግል አየ። ያ ሁሉ ካሎሪክ ብረቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ከነበረ፣ አንድ ቀን ማለቅ አለበት። አያልቅም!

ስለዚህ ሆን ብሎ የደነዘ መሰርሰሪያ አስገጠመ፤ ብረቱንም ውኃ በሞላበት ሳጥን ውስጥ አስገባ። መሣሪያውን ፈረሶች ያዞሩት ነበር። ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ውኃው ፈላ። እሳት የለ፣ ከሰል የለ፤ ቆመው የሚያዩት ሰዎች ጉድ አሉ። ራምፈርድ በ1798 ለሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ እንዲህ ሲል ተከራከረ፦ ያለ ማቋረጥ የሚወጣ ነገር ቁስ ሊሆን አይችልም፤ ሙቀት እንቅስቃሴ መሆን አለበት። የሚገርመው ደግሞ በ1804 የላቮዋዚዬን ሚስት አገባ። ላቮዋዚዬ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ፣ በ1794፣ አንገቱን ተቆርጦ ሞቶ ነበር።

ታዲያ ነገሩ በዚህ አለቀ? አላለቀም። ራምፈርድ ሙቀት ከሥራ እንደሚመጣ አሳየ እንጂ፣ ይህን ያህል ሥራ ሁልጊዜ ይህን ያህል ሙቀት ይሰጣል የሚል የተረጋገጠ ሕግ አልተወም። ካሎሪክም ለተጨማሪ 40 ዓመታት ያህል በመጽሐፍ ውስጥ ኖረ።

ሂሳቡ መግጠም አለበት

ወደ ማየር እንመለስ። ሰውነት ምግብን በኦክስጅን ቀስ ብሎ እንደሚያቃጥል ከላቮዋዚዬ ተምሯል። በሞቃት አገር ሰውነት ራሱን ለማሞቅ ብዙ ማቃጠል አያስፈልገውም። ስለዚህ ኦክስጅን ይተርፋል፣ ደሙም ቀይ እንደሆነ ይመለሳል። ማየር ያሰበው ይህን ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ዝላይ ነው ትልቁ ነገር። ሰው ሙቀት ብቻ አያወጣም፤ ሥራም ይሠራል። ገመድ ይጎትታል፣ ዕቃ ይሸከማል። ሲሠራ ደግሞ በፍትጊያ ከሰውነቱ ውጭ ሌላ ሙቀት ይፈጠራል። ይህ ሁሉ የሚወጣው ከአንድ ካዝና ነው፦ ከተበላው ምግብ። እንግዲህ ገቢና ወጪ እኩል እንዲሆን ከተፈለገ፣ ሥራና ሙቀት ልክ እንደ ብርና ዶላር እርስ በርሳቸው የሚመነዘሩ መሆን አለባቸው። ምንዛሪውም ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ መሆን አይችልም። መቀየር ይቻላል፤ መጥፋት ግን የለም።

አንድ ነገር ሳንደብቅ እንንገራችሁ። ደሙ ቀይ የሆነበትን ምክንያት ማየር በደንብ አላገኘውም። ሲሞቀን ሰውነታችን ሙቀቱን ለማስወጣት ብዙ ደም ወደ ቆዳ ይልካል። ይህ ደም ቶሎ ስለሚያልፍ ብዙ ኦክስጅን ሳይሰጥ ይመለሳል፤ ከክንድ የተቀዳው ደም የቀላው በዋናነት ለዚህ ነው። ስለ ደሙ የሰጠው ማብራሪያ ጎደሎ ነበር፤ የጫረበት ጥያቄ ግን ወደ ትክክለኛው ሕግ አደረሰው። በሳይንስ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አጋጥሟል።

በሩ ተዘጋ

ማየር በ1841 አገሩ ተመለሰና ሐሳቡን ጽፎ በዘመኑ ስመ ጥር ለሆነው የጀርመን የፊዚክስ መጽሔት ላከ። አዘጋጁ አላተመውም፤ ጽሑፉንም አልመለሰለትም። እውነቱን ለመናገር ጽሑፉ የፊዚክስ ስህተት ነበረበት። ማየር ሐኪም እንጂ በሒሳብ የሠለጠነ ሰው አልነበረም።

ተስፋ ሳይቆርጥ ዮሊ ለሚባል የፊዚክስ መምህር ሐሳቡን ነገረው። ዮሊም፣ ያልከው እውነት ከሆነ ውኃ ሲናጥ መሞቅ አለበት ብሎ ሞገተው። ማየር ምንም ሳይመልስ ወጣ። ከሳምንታት በኋላ በሩን ከፍቶ ገባና “እንደዚያ ነው!” አለ። ዮሊ ስለ ምን እንደሚያወራ እስኪያስታውስ ጊዜ ወሰደበት ይባላል። ማየር ውኃ ሲንጥ ከርሞ ነበር።

በ1842 ጽሑፉን አስተካክሎ ለኬሚስቱ ዩስቱስ ሊቢግ መጽሔት ላከ፤ ታተመለት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ምንዛሪውን በቁጥር አስቀመጠ። ስሌቱ ለኬሚስትሪ ተማሪ ዛሬም ስለሚጠቅም ረጋ ብላችሁ ተከተሉኝ።

አንድ ዓይነት መጠን ያለው አየር ሁለት ቦታ አለ እንበል። አንደኛው በታሸገ ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ወደ ላይ መንሸራተት በሚችል ክዳን፣ ማለትም በፒስተን፣ ተከድኗል። ሁለቱንም በአንድ ዲግሪ እናሙቃቸው። ለሁለተኛው የበለጠ ሙቀት ያስፈልገናል። በዛሬ ልኬት ለአንድ ሞል አየር በታሸገው 20.8 ጁል፣ በፒስተኑ 29.1 ጁል ገደማ ነው። የ8.3 ጁሉ ልዩነት የት ገባ? አየሩ ሲሞቅ ፒስተኑን ወደ ላይ ገፋ፤ ሥራ ሠራ! ልዩነቱ ወደ ሥራ ተመነዘረ።

ማየር በዘመኑ የነበሩትን ልኬቶች ይዞ እንዲህ ሲል ደመደመ፦ አንድን ውኃ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሞቅ ማለት ያንኑ ክብደት ከ365 ሜትር ከፍታ መጣል ነው። ትክክለኛው 427 ሜትር አካባቢ ነው። ልኬቶቹ ሻካራ ስለነበሩ ቁጥሩ ዝቅ አለ፤ መንገዱ ግን ትክክል ነበር።

እዚህ ላይ ዴልታ ኤችን እንያት። እናንተ ላቦራቶሪ ውስጥ ክፍት ብርጭቆ ላይ ስትሠሩ ከላያችሁ ያለው አየር ልክ እንደ ፒስተኑ ነው። ጋዝ ከወጣ አየሩን ይገፋል፤ ከኢነርጂው ጥቂቱ ለዚህ ግፊያ ይውላል። ኬሚስቶች ይህን ግፊያ አብረው የሚቆጥሩበት ሂሳብ ኤንታልፒ ይባላል። በክፍት ዕቃ፣ ግፊቱ ሳይለወጥ፣ የምትለኩት ሙቀት የኤንታልፒ ለውጥ ነው፤ ዴልታ ኤች ማለት ይኸው ነው።

ስለ ቃልም አንድ ነገር እንበል። ማየር “ኢነርጂ” አላለም፤ “ክራፍት” ነው ያለው፤ በጀርመንኛ ኃይል ማለት ነው። ኢነርጂ የሚለው ቃል በዛሬው ትርጉሙ የተስፋፋው ከ1850ዎቹ በኋላ ነው። በአማርኛም “ኃይል” ስንል አንዳንዴ መግፋትን፣ አንዳንዴ መብራትን፣ አንዳንዴ ጉልበትን እንላለን። “ሙቀት” የሚለውም ሁለት ነገር ይዟል። “የዛሬው ሙቀት 25 ዲግሪ ነው” ስንል ቴምፕሬቸር ማለታችን ነው፤ “ሙቀት ተሰጠው” ስንል ግን የተላለፈ ኢነርጂ ማለታችን ነው። አንድ ስኒ የፈላ ውኃና አንድ ድስት የፈላ ውኃ ቴምፕሬቸራቸው አንድ ነው፤ ድስቱን ለማፍላት የፈጀው ኢነርጂ ግን እጅግ ይበልጣል። ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚች ላይ ነው።

ሌሎቹ የት ነበሩ?

ማየር ሱራባያ ውስጥ በነበረበት በዚያው በ1840፣ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ዤርማን ሄስ የሚባል ኬሚስት አንድ ሕግ አወጣ። ሰልፈሪክ አሲድን መጀመሪያ በውኃ አቅጥኖ፣ ከዚያ በአሞኒያ ሲያረክሰው የሚወጣውን ሙቀት ለካ። አቀጣጠኑ ቢለያይም ጠቅላላ ድምሩ ያው ነው። መንገዱ ቢረዝም፣ ቢያጥር፣ በሁለት ደረጃ ቢሆን፣ በአንድ፣ የሙቀቱ ድምር አይለወጥም።

በዛሬ ቁጥር እንየው። አንድ ሞል ካርቦን ሙሉ በሙሉ ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን 393.5 ኪሎ ጁል ይሰጣል። መጀመሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ከዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሆንስ? የሁለተኛው ደረጃ ሙቀት 283.0 ነው። የመጀመሪያውን ለብቻው መለካት ያስቸግራል፤ ካርቦን ሲቃጠል ሁለቱ ጋዞች ተደባልቀው ይወጣሉና። ሄስ ግን ችግር የለም ይላችኋል፦ 393.5 ሲቀነስ 283.0፣ 110.5 ኪሎ ጁል። ሳትለኩ አወቃችሁ። በነገራችን ላይ ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድ የሚገድለው ይኸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚጠራቀም ነው።

እንግሊዝ አገር ደግሞ የቢራ ጠማቂ ልጅ የነበረው ጄምስ ጁል ማየር የጻፈውን ሳያውቅ ምንዛሪውን በሙከራ ይፈልግ ነበር። በጣም የታወቀው ሙከራው እንዲህ ነው፦ በውኃ የተሞላ ዕቃ ውስጥ መቅዘፊያዎች አሉ። በገመድ የተንጠለጠሉ ክብደቶች ቀስ ብለው ሲወርዱ መቅዘፊያዎቹ ይዞራሉ፤ ውኃው ይናጣል፤ ይሞቃል። ክብደቶቹን 20 ጊዜ ደጋግሞ ከጣለ በኋላ እንኳ የውኃው ሙቀት የሚጨምረው ግማሽ ዲግሪ ፋራናይት ገደማ ነው! ይህን ለመለካት እጅግ ጥንቁቅ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። ያገኘው ቁጥር በዛሬ መለኪያ ለአንድ ካሎሪ 4.15 ጁል አካባቢ ነው። እኛ ዛሬ 4.184 እንላለን።

ጁልም መጀመሪያ አልተሰማም። በ1847 ኦክስፎርድ በተደረገ ስብሰባ ላይ ንግግሩን እንዲያሳጥር ተነግሮት ነበር። አንድ ወጣት ግን ነገሩን አስተዋለ፦ ዊልያም ቶምሰን፤ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው። ጁል በዚያው ዓመት አልፕስ ተራሮች ላይ በጫጉላ ሽርሽሩ ሳለ የፏፏቴን ሙቀት ከላይና ከታች ለመለካት አስቦ እንደነበር ይነገራል። እናንተም አስሉት። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ነው። 40ን ለ427 ስታካፍሉ አንድ አሥረኛ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ውኃው ሲረጭና ሲተን ደግሞ ይቀዘቅዛል። ለዚህ ነው በእጅ ነክቶ ማወቅ የማይቻለው።

በዚያው በ1847 ወጣቱ የጦር ሠራዊት ሐኪም ሄርማን ሄልምሆልትዝ ሕጉን በሒሳብ አደራጅቶ ጻፈው። የማየርን ጽሑፍ ያላተመው ያው መጽሔት የእሱንም አልተቀበለውም፤ ለብቻው አሳተመው። ልብ በሉ፦ የመርከብ ሐኪም፣ የቢራ ጠማቂ ልጅ፣ የጦር ሐኪም። ከሦስቱ አንዱም ያን ጊዜ የፊዚክስ ፕሮፌሰር አልነበረም።

የማየር ዋጋ

ሌሎቹ ሲሰሙ ማየር ተረሳ። ጁል የማየር ስሌት በሙከራ አልተረጋገጠም ብሎ ተከራከረ፤ ቀዳሚው ማነው የሚለው ጭቅጭቅ ማየርን አደከመው። በ1848 ሁለት ልጆቹ ተከታትለው ሞቱበት። ሰው ቀለደበት። በ1850 አንድ ማለዳ ሕይወቱን ለማጥፋት ሞከረ፤ ተረፈ። ከዚያ በኋላ በዘመኑ ጭካኔ በተሞላበት የአእምሮ ሕክምና ቤት ቆይቶ ወጣ።

ታሪኩ ግን እዚያ አላቆመም። በ1862 ጆን ቲንደል የተባለ ሳይንቲስት ለንደን ውስጥ በሕዝብ ፊት ስለ ሙቀት ንግግር ሲያደርግ፣ ይህን ሁሉ ያሰበው ሃይልብሮን ያለው ሐኪም ማየር ነው ብሎ መሰከረለት። ሮያል ሶሳይቲ በ1870 ለጁል የሰጠውን የኮፕሊ ሜዳልያ በ1871 ለማየር ሰጠ። ማየር በ1878 እስኪሞት ድረስ ክብሩን በዓይኑ ለማየት በቃ።

ካልጠፋ ለምን ያልቃል?

አንዳንዶቻችሁ ይህን እየጠየቃችሁ እንደሆነ እናውቃለን። ኢነርጂ ካልጠፋ ከሰሉ ለምን ያልቃል? የስልካችሁ ባትሪስ? መልሱ እንዲህ ነው፦ ኢነርጂው አለ፤ ግን ተበትኗል። ከሰሉ ውስጥ ተሰብስቦ የነበረው አሁን በክፍሉ አየር፣ በግድግዳው፣ በውጭው ሁሉ ጥቂት ጥቂት ሆኖ ተሰራጭቷል። መልሶ ሰብስቦ ቡና ማፍላት አይሆንም። ይህን ሁለተኛውን ሕግ በ1850 ሩዶልፍ ክላውዚዩስ አስቀመጠው፤ በ1865 ደግሞ ኢንትሮፒ የሚለውን ስም አወጣ። የእሱን ታሪክ በሌላ ቀን እናወጋችኋለን።

አሁን መዳፋችሁን እንደገና አፋትጉ። ያ ሙቀት እጃችሁ ውስጥ ተደብቆ አልነበረም። ጡንቻችሁ የሠራው ሥራ ነው የተመነዘረው። ጡንቻችሁ ኢነርጂውን ያገኘው ከቁርሳችሁ፣ ቁርሳችሁ ከእህሉ፣ እህሉም ከፀሐይ ነው። ማየር በ1845 በራሱ ገንዘብ ባሳተመው መጽሐፍ ተክሎች የፀሐይን ብርሃን ወደ ኬሚካዊ ኢነርጂ እንደሚለውጡ ጽፏል። ያን ጊዜም ብዙ ሰው አላነበበለትም። እናንተ ግን አሁን አነበባችሁት።